አሮጌው ኮምፒውተር በአዲሱ ውስጥ፦ የመተማና የገዳሪፍ ነጋዴ መዝገብ ታሪክ



በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገዳሪፍ፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ፣ ማንም የማይሠራበት ግን ማንም ሊጥለው የማይደፍር ኮምፒውተር ያለው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። የማይጣለው ለማሽኑ ዋጋ ተብሎ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ነው የሚያሳሳው፤ የዱቤ ሒሳብ፣ የሰሊጥ ርክክብ፣ የሽርክና ውል፣ ለስደተኞች ጉዳይ ቢሮ የተጻፈ የቤተሰብ ማመልከቻ። ፋይሉን በፍላሽ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ስናዛውረው ደግሞ ወይ አልከፈትም ይላል፣ ወይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይደረድርልናል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የእኛ ዘመን ግን የተጻፈም ነገር ሳይወረስ ሊቀር እንደሚችል አሳየን።

ዛሬ የምናነሣው ይህ እንዴት እንደመጣ፣ መፍትሔውም ከየት እንደተነሣ ነው። መፍትሔው ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ በአጭሩ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። ዓመቶቹን፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

መዝገብ የሌለው ነጋዴ በዚህ መንገድ አይዘልቅም

ከጎንደር በመተማና በጋላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው መንገድ ከሞተር መኪና በፊት የነበረ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ቡናውም፣ ሰሙም፣ ጥጡም በዚሁ አልፏል። በገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በእንግሊዞች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽላውና ሰሊጡ ገዳሪፍን የምሥራቅ ሱዳን የእህል ጎተራ አደረጋት። በእኛም በኩል የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ዓለም ያወቀው ዕቃ ሆነ።

ይህ ንግድ በዱቤ ይሠራል። ዝናብ ሳይጥል ይበደሩበታል፣ አዝመራ ሲገባ ይከፍሉበታል። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት መስፈሪያ አለው፤ በወዲህ ኩንታል ብለን 100 ኪሎ እንቆጥራለን፣ በወዲያ የሰሊጡ ቀንጣር ወደ 45 ኪሎ ነው። ገንዘቡም በአንድ ስም አልኖረም። ሱዳን በ1992 ዲናርን ስታወጣ አንዱ ዲናር 10 የድሮ ፓውንድ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ አዲሱ ፓውንድ በ100 ዲናር ተተካ። በገበያው አፍ ግን ብዙ ሰው በድሮው መጥራቱን ቀጠለ። በኢትዮጵያም በ2020 የብር ኖቶች ተቀየሩ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ።

ስለዚህ «እገሌ አንድ ሺህ አለበት» የሚል መዝገብ ቀኑና የገንዘቡ ዓይነት ከሌለበት ምንም አይናገርም። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ሁለት ቤተሰብ የሚያስታርቀው ወይም የሚያጣላው ይኸው ዝርዝር ነው። አሮጌው ፋይል ተከፈተ አልተከፈተ የሚለው ጥያቄም ለእኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ወሬ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዐረብኛው ሲነበብ አማርኛው ለምን ጠፋ?

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ የቆየ ውል በአዲስ ኮምፒውተር ስንከፍት ብዙ ጊዜ የምናየው ይህ ነው፤ ዐረብኛው ጥርት ብሎ ይነበባል፣ አማርኛው ግን የተበተነ ጠጠር ይመስላል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው።

የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ የፊደል ስብስብ 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝና ለላቲን ፊደል የተያዘ ነው። የዐረብኛ ፊደላት 28 ስለሆኑ በቀረው ቦታ ይበቃቸዋል፤ ማይክሮሶፍትም ለዐረብኛ የራሱን ሠንጠረዥ አወጣለት። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። እነ ሏ፣ እነ ኳ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። በአንድ ሠንጠረዥ አይገባም።

ይህ ችግር ከኮምፒውተርም ይቀድማል። የአማርኛ ታይፕራይተርን በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋፈጡት ፊደሉ በዛ፣ ቁልፉ አነሰ የሚለውን ነው። በኮምፒውተር ዘመን መጀመሪያም በውጭ አገር ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ በአገር ቤት ደግሞ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር «አጋፋሪ»ን የሠሩት ባለሙያዎች በየራሳቸው ብልሃት አማርኛን ስክሪን ላይ አወጡ። ቆይተው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ መጡ፤ በጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ተሰራጩ።

ብልሃታቸው በመሠረቱ አንድ ነበር። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ የአማርኛ ፊደል ሥሎ ያሳያል። አንድ ፎንት ሲሞላ ቀሪው ፊደል ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ወይም ፊደሉ ከቁርጥራጭ ይገጣጠማል። እያንዳንዱ አምራች ደግሞ ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል ደረደረ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። አማርኛችን አልጠፋም፤ መልበሻው ሲታጣ ራቁቱን ነው የታየው።

ለዚህ ማብቂያ ያበጀው ዩኒኮድ ነው። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ለግዕዝ ፊደል 345 ቁምፊዎችን የራሳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ የሰጠው ግን በ2007 ነው። እነዚያ በመካከል ያሉት ዓመታትና ከእነሱ በፊት የተጻፈው ሁሉ በአሮጌው ብልሃት ተቆልፎ ቀረ። ብዙው የቤተሰብና የንግድ ሰነዳችን ደግሞ የዚያ ዘመን ነው።

የሱዳኑ ወገን ሌላ ቁልፍ

በወዲያኛው ወገን ሌላ ታሪክ ተደርቧል። አሜሪካ በኅዳር 1997 በሱዳን ላይ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች፤ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት የአሜሪካ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሱዳን ላይ መጠቀም እጅግ ከባድ ነበር። ብዙ ኩባንያዎች ከሱዳን የመጣን ሰው ገጻቸው ላይ ፕሮግራም እንዳያወርድ ይዘጉበት ነበር፤ ዓለም አቀፉ የክፍያ ካርድም አይሠራም። ለግል መገናኛ የሚሆኑ ሶፍትዌሮችና ስልኮች ቀዳዳ የተከፈተላቸው በ2015 ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ማሻሻያ የማያገኝ ሰው ያለውን ይዞ ይኖራል። አንድ ጊዜ በሲዲ የመጣ ፕሮግራም ከሱቅ ሱቅ እየተገለበጠ ዕድሜ ልኩን አገለገለ። ሌላው ዓለም ስሪት ሲቀያይር በምሥራቅ ሱዳን ያው ዊንዶውስ ኤክስፒ ቀጠለ። ይህን ስንፍና ወይም ኋላ ቀርነት የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አላወቀውም።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው ፒችትሪ አለ። አምራቹ ሴጅ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢቀይረውም፣ በእኛ ዘንድ ዛሬም ፒችትሪ ነው፤ በየኮሌጁም በዚሁ ስም ይማሩታል። የሒሳብ ዘመኑ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሒሳብ ሹሙ በፒችትሪው ላይ ዘመኑን ከጁላይ 8 አንሥቶ በእጁ ይደረድራል። እንዲህ ተደክሞ የተስተካከለን መዝገብ ማንም መንካት አይፈልግም። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፦ የድሮ ስሪት መዝገብ በአዲስ ስሪት አንዴ ከተከፈተና ከተለወጠ ወዲያ በድሮው አይከፈትም። በር ወደ ፊት ብቻ የሚከፈት ቤት ነው።

ማሽን በማሽን ውስጥ የመጣው ከየት ነው?

አሁን ዓለሙን እንይ። አሮጌ ሥራ በአዲስ ማሽን የመሸከም ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1959 ያወጣው 1401 የተባለ ኮምፒውተር ከ10,000 በላይ ተሸጦና ተከራይቶ ነበር። ኩባንያው በሚያዝያ 1964 ሲስተም 360 የተባለውን አዲስ ማሽን ሲያመጣ ደንበኞቹ የጠየቁት እኛ ዛሬ የምንጠይቀውን ነው፦ «የድሮው የደመወዝና የዕቃ መዝገባችንስ?» መልሱ አንዳንዶቹን አዲስ ማሽኖች ራሳቸውን እንደ 1401 እንዲያስመስሉ ማድረግ ሆነ። አሮጌው ፕሮግራም ቤቱን እንደለቀቀ እንኳ አላወቀም።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ የሚገኙ የአይቢኤም ተመራማሪዎች አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር በብዙ ከፍለው፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሙሉ ኮምፒውተር ያለው እንዲመስለው አደረጉ። ይህ ሥራ አድጎ በነሐሴ 1972 ቪኤም 370 ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ቨርቹዋል ማሽን የሚለው ስም የጸናው በዚህ ነው።

ጥበቡ ወደ ተራው ጠረጴዛ የወረደው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ቪኤምዌር በ1999 ለግል ኮምፒውተር የሚሆነውን አወጣ። ቨርቹዋልቦክስ በ2007 በነጻ የሚገኝ ሆነ፤ ቆይቶ ኦራክል ያዘው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2009 ዊንዶውስ 7ን ሲያወጣ፣ በፕሮፌሽናሉ ስሪት ላይ የድሮ ፕሮግራም ያላቸው ድርጅቶች ኤክስፒን በውስጡ እንዲያሠሩ «ኤክስፒ ሞድ» የተባለ መንገድ ሰጠ። ትልልቆቹ ባንኮችና ፋብሪካዎች ያልተላቀቁትን ችግር የመተማ ነጋዴ ለብቻው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

አሠራሩን በቤት እንመስለው። አዲሱ ላፕቶፕ ባለቤት ነው፤ አሮጌው ዊንዶውስ እንግዳ ነው። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለው ፕሮግራም ለእንግዳው አንድ ክፍል ይሰጠዋል፤ ከሚሞሪው ቆርሶ፣ ከዲስኩ ቆርሶ። እንግዳው በዚያ ክፍል ውስጥ ሙሉ ኮምፒውተር ያለው ይመስለዋል፤ ሃርድ ዲስክ የሚለውም ለባለቤቱ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ያ ፋይል በፍላሽ ይገለበጣል፣ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ቅጂው አንዱ ጎንደር ሌላው ገዳሪፍ ይቀመጣል። ኤክስፒ ቢያንስ የሚጠይቀው 64 ሜጋባይት ሚሞሪና 1.5 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነበር። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይጠይቃል፤ 64 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳው ለዛሬው ላፕቶፕ ቀላል ሸክም ነው።

ጦርነቱ ያስተማረን

በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ሲነሣ ካርቱም የነበሩ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የያዙትን ብቻ ይዘው ወጡ። ከፊሉ ወደ ገዳሪፍ፣ ከፊሉ በጋላባት ወደ መተማ ተሻገረ። ጠረጴዛ ላይ የቀረ ኮምፒውተር የሚያስብ አልነበረም። በዚያው ወር ተኩሉ ውስጥ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የተማረ ሰው መዝገብ እንዲህ ከሆነ፣ የነጋዴ ደብተርማ ምን ይባላል?

በየካቲት 2024 መጀመሪያ ደግሞ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በሱዳን አብዛኛው ክፍል ጠፋ፤ ዋና ዋና መሣሪያዎቹ ካርቱም ስለነበሩ። በስልክ የባንክ መተግበሪያ የሚከፍልና የሚቀበል ሰው እጁ ታሰረ። ያን ጊዜ መዝገቡን በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን ማሰብ ይቻላል። በላፕቶፑ ውስጥ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ኢንተርኔት አይጠይቅም። መብራትና ባትሪ ካለ ይከፈታል።

እንዴት ይሠራል?

አስቀድሞ ሁሉም ፋይል ቨርቹዋል ማሽን እንደማይፈልግ እንወቅ። በወርድ የተጻፈ የቪዥዋል ግዕዝ ደብዳቤን ለማንበብ ብዙ ጊዜ የድሮውን ፎንት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ብቻ ይበቃል። በዶስ ዘመን ለተሠሩ ፕሮግራሞች ዶስቦክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ራሱ በአዲሱ ዊንዶውስ አልሠራ ሲል ነው፤ ለምሳሌ የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ወይም ለባለ 16 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ። የዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ዊንዶውሶች ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ፈጽሞ አይቀበሉም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ማሽን እየሠራ ሳለ የሚገኘውን ሁሉ ቅጂ አውጡ፤ የፒችትሪውን ባካፕ፣ ፎንቶቹን፣ የፕሮግራሙን ሲዲና የፈቃድ ቁጥር ጭምር። የገዳሪፍ ሙቀትና አቧራ ለሃርድ ዲስክ አይራራም፤ ዛሬ የተነሣ ማሽን ነገ ላይነሣ ይችላል። ሁለተኛ፣ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽኑን አቋቁማችሁ የድሮውን ዊንዶውስ ከነፈቃዱ ጫኑበት። አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል የሚገለብጡ መሣሪያዎችም አሉ፤ ግን ዊንዶውሱ ማሽኑ መቀየሩን ሲያይ አልነሣም ሊል ወይም ፈቃድ ደግሞ ሊጠይቅ ስለሚችል አዲስ መጫኑ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ያንኑ የድሮ ስሪት ፕሮግራም ጭናችሁ ባካፑን መልሱበት። አራተኛ፣ አንድ የምታውቁትን ሒሳብ ከወረቀት ደብተር ጋር አመሳክሩ። ድምሩ ካልገጠመ ሥራው አላለቀም።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፦ የእንግዳውን ኢንተርኔት ዝጉ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ያቆመው ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የዓለምን ኮምፒውተሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ማሻሻያ ያላገኙት ማሽኖች ናቸው የተጠቁት። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፍላሽ ስታስገቡም አስቀድማችሁ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በፀረ ቫይረስ ፈትሹት። የድሮው ባለ ሪባን ፕሪንተርም በቨርቹዋል ማሽን በኩል አልታዘዝ ሊል ይችላል፤ መዝገቡን ወደ ፒዲኤፍ አውጥቶ በአዲሱ ማተም ይሻላል።

ድልድይ መሻገሪያ ነው

የታሪኩ ትምህርት ለእኛ ይህ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ላይ የቀረነው ፊደላችን በዓለሙ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ማዕቀብ ስለነበረ፣ የዘመን አቆጣጠራችንም የራሱ ስለሆነ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ያንን ዘመን ከነሙሉ ዕቃው ወደ ዛሬ ያሻግርልናል። ነገር ግን በጋላባትና በመተማ መካከል ያለውን ድልድይ የምናውቅ ሰዎች፣ ድልድይ ላይ ቤት እንደማይሠራ እናውቃለን። እንግዳውም ማሽን አንድ ቀን አዲስ ባለቤት ያጣል፤ ዊንዶውስ 10 እንኳ በጥቅምት 2025 የማሻሻያ ዘመኑ አልቋል።

ስለዚህ አሮጌውን ከፍተን ማውጣት አለብን። የአማርኛውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ፣ የሒሳቡን ዝርዝር ወደ ኤክሴልና ፒዲኤፍ፣ ዋና ዋናውን ውል ደግሞ ወደ ወረቀት። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገቡን 10 ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዝ ነበር። የቤተሰብ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ 10 ዓመት ምንም አይደለም፤ ርስት የሚጠይቅ ልጅ፣ የአባቱን ሽርክና የሚፈልግ ወራሽ ከ30 ዓመት በኋላም ይመጣል። በየፋይሉ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ መስፈሪያውን ጻፉ። «1,000» ብቻ ብሎ የተወረሰ መዝገብ ልጆችን ያጣላል እንጂ አያወርስም።

ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሰው አይኑር። በየቤቱ ኮምፒውተር የሚነካካ ወጣት አለ፤ መዝገቡን የሚያውቅ ሽማግሌም አለ። ወጣቱ ማሽኑን ይክፈት፣ ሽማግሌው ስሙንና ገንዘቡን ያስረዳ። ሁለቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ የ20 ዓመት ንግድ ከአቧራ ይወጣል።

ገበያችሁ ይቅና፣ መንገዱም ሰላም ይሁን። ቸር ያገናኘን።